ጎርጎራ በ1936 አልተወለደችም፦ ለአንድ ተወዳጅ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጎርጎራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየስልካችን ሲዞር ሰንብቷል። «አነበብከው?» እየተባለ ለእኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። አነበብኩት። የጸሐፊው ብዕር ይጥማል፤ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ጎርጎራን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ካርታ ከፍቶ እንዲፈልጋት አድርገዋል። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ታሪኩ ላይ ግን አልተግባባንም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጎርጎራ ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ የደምቢያ ትንሽ ከተማ ናት። እንደ ጸሐፊው አባባል፣ ዓፄ ሱስንዮስ እስኪመጡ ድረስ ቦታው ጫካና ረግረግ እንጂ ሰው አልነበረበትም። ከተማ ያደረጓት ፖርቱጋሎች ናቸው። ዓፄ ፋሲል ወደ ጎንደር ሲሄዱ ሕዝቡም ተከትሏቸው ነጎደ፤ ጎርጎራ ለ300 ዓመት ወና ሆነች። በ1936 ጣሊያን መጥቶ ዳግም ወለዳት። በጣና ዳር በታንኳ የሚኖሩት ወይጦዎችም የመጡት ያን ጊዜ ነው፤ ወደቡ ላይ ሥራ ፍለጋ። ስለዚህ ከተማዋ 1936ን እንደ ልደቷ ታክብር፣ በወደቡ መግቢያም ዓመቱ በሰሌዳ ይጻፍ ብለው ይደመድማሉ። ዓመቶቹን እሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለጻፉ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

ከ«ባዶ ጫካው» ልጀምር።

ጸሐፊው በወደቡ በኩል ገብተው ፎቶ ሲያነሱ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ደብረ ሲና ማርያም አለች። ክብ ናት፤ ክዳኗም ሳር ነው። ትውፊቱ ምሥረታዋን ከዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ያደርሰዋል። ዓምደ ጽዮን የነገሡት ከ1314 እስከ 1344 ነው። ሱስንዮስ የነገሡት በ1607። ልዩነቱ ወደ 300 ዓመት ይጠጋል። ትውፊት እንደ ሰነድ አይቆጠርም የሚል ካለ እሺ፣ መቶ ዓመት ቀንሱለት። ያም ሆኖ «ሰው አልነበረም» የሚለው ውሃ አያነሣም። ቤተ ክርስቲያን ያለ ካህን፣ ካህን ያለ መሬት፣ መሬት ያለ ገበሬ አይቆምም።

ደብረ ሲናን እንኳ ብንተዋት፣ ሰፊው ደምቢያ ይመሰክራል። በቤተ እስራኤል ታሪክ ደምቢያ የሚነሣው ከዓፄ ይስሐቅ ጋር ነው፤ ይህ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ዓፄ ዘድንግል በ1604 የወደቁት እዚያው ደምቢያ ሜዳ፣ ባርጫ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሱስንዮስ ገና ዙፋኑን ለመያዝ የሚታገሉ መስፍን ነበሩ። ነገሥታት ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ለሥልጣን አይጋደሉም።

ጸሐፊው ያልጠየቁት ጥያቄም አለ። ሱስንዮስ ለምን ወደ ጎርጎራ ሄዱ? ለሐይቁ ውበት ብቻ አይመስለኝም። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ፈረስና በቅሎ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰፈር ነበር። በየቀኑ ይበላል። የሚሰፍረው እህል ባለበት፣ ማገዶ ባለበት፣ ከብት በሚሰማራበት አገር ነው። ማገዶው ሲያልቅ ይነሣል። ደምቢያ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ኑግ ያበቅላል። በዳርቻው ደግሞ ክረምት የሞላው ውሃ በበጋ ሲሸሽ ለሚገለጠው እርጥብ መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ተጨማሪ እህል ይዘራበታል። ንጉሡ የመጡት ይህን የሚያርስ እጅ ስለነበረ ነው። እጁ እሳቸውን ተከትሎ አልመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልስጣቸው። ከሱስንዮስ በፊት ጎርጎራ ዛሬ ከተማ በምንለው መልኩ ከተማ አልነበረችም። ልክ ናቸው። ግን በዚያ ዘመን ከጥቂት ቦታዎች በቀር የትኛው የኢትዮጵያ ክፍል ነበር? ሰው በየጎጡ፣ በየደብሩ ዙሪያ ተበታትኖ ነው የኖረው። ተበታትኖ መኖርና አለመኖር አንድ አይደሉም።

ወደ ፖርቱጋሎቹ ልለፍ።

ጸሐፊው «ፖርቱጋላዊው ፔድሮ ፓኤዝ ጎርጎራን ቆረቆረ» ብለዋል። ፓኤዝ ስፔናዊ ነው። የላከው የካቶሊኮቹ የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር በፖርቱጋል ንጉሥ ጥላ ሥር ስለነበረ ስህተቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ አላከርም። ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ቋንቋውን የተማረ፣ መዶሻና መጋዝ የሚይዝ፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነበር። ለንጉሡ የድንጋይ ቤት መሥራቱን፣ ለማኅበሩም ቤተ ክርስቲያን ማነጹን ማንም አይክድም። ግን ቅደም ተከተሉን እንመልከት። መጀመሪያ ንጉሡ ሰፈሩ። ከዚያ ለእንግዶቹ መሬት ሰጡ። ከዚያ እንግዶቹ ሠሩ። መሬት የተሰጠው ሰው ቆርቋሪ ከተባለ፣ ሰጪውን ምን ልንለው ነው?

«ከፓኤዝ በፊት ኢትዮጵያውያን በድንጋይ ቤተ መንግሥት አያውቁም ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ጨርሶ መቅረት ነበረበት። አክሱምንና ላሊበላን አልጠራም፤ እሩቅ ናቸው ይሉኛል። እዚያው ጣና አጠገብ፣ እንፍራዝ ኮረብታ ላይ፣ የጉዛራ ግምብ አለ። ባለሙያዎች በዘመኑ ላይ ይከራከራሉ፤ ግን በተለምዶ ለዓፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል። እሳቸው የሞቱት በ1597፣ ፓኤዝ ከመግባቱ 6 ዓመት ቀድመው ነው።

ደግሞም የጎርጎራን ግምብ ማን ሠራው የሚለው በአንድ ሰው ስም አያልቅም። ከህንድ የመጣ የግንባታ ዕውቀት አለበት፤ ኖራ አጠቃቀሙ ከዚያው ጋር ይያያዛል። ድንጋዩን የጠረበ፣ ውሃውን የቀዳ፣ እንጨቱን የጎተተ የአገሬው ሰው አለበት። ኢየሱሳውያኑ በደብዳቤያቸው ስማቸውን ስለጻፉ ስማቸውን አወቅነው። ያልጻፈውም ሠርቷል።

ጸሐፊው እዚህ የገቡበት ሌላ መምታታት አለ፤ ብዙ ሰው ስለሚስተው ቆም ልበልበት። በጽሑፋቸው ውስጥ ጎርጎራ አንድ ቦታ ናት። ኢየሱሳውያኑ ግን ሁለት ጎርጎራ ነበራቸው፤ አሮጌና አዲስ። ዛሬ አስጎብኚዎች «አሮጌው ጎርጎራ» ብለው በጀልባ የሚወስዱን፣ የኢየሱሳውያኑ ቤተ ክርስቲያን የማርያም ግምብ ፍርስራሽ ያለበት ልሳነ ምድር፣ ለኢየሱሳውያኑ «አዲሱ» ነበር። የኛ አሮጌ የእነሱ አዲስ ነው ማለት ነው። የዛሬዋ ከተማ ደግሞ ከዚያ ፍርስራሽ ራቅ ብላ፣ በደብረ ሲናና በወደቡ ዙሪያ ያለችው ናት። ጸሐፊው የማርያም ግምብን ፎቶ ለጥፈው «ከተማዋ እዚህ ተወለደች፣ እዚህ ሞተች፣ እዚህ ተነሣች» ሲሉ ሦስቱም «እዚህ» አንድ ቦታ አይደሉም።

ማርያም ግምብ ከመፍረስ ይዳን የሚለውን ጥሪያቸውን ግን በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ከማድሪድ የኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት ደንቀዝን፣ አዘዞንና ጎርጎራን ቆፍረው አጥንተዋል። በጣሪያውና በግድግዳው ላይ ጽጌረዳ መሳይ ጌጦች ተቀርጸዋል። አብዛኛው ፈርሷል፤ የቀረውም እየፈረሰ ነው። ያን ለማዳን ግን ባዶ አገር ላይ የተሠራ ነው ማለት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «300 ዓመት ወና»።

ይህ የጽሑፉ እምብርት ነው፤ ሰው ይበልጥ የተቀባበለውም ይህን ይመስለኛል። ታሪኩ እንደ ተረት ይጥማል። ንጉሥ ሃይማኖት ለወጠ፣ ደም ፈሰሰ፣ ከተማዋ ተረገመች፣ ጫካ ዋጣት። የፊተኛው ክፍል እውነትነት አለው። ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በ1622 በይፋ አወጁ። ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጥቶ በ1626 ለሮም መገዛት ታወጀ። አገር ታመሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ። በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ በ1636ም ጎንደርን ዋና ከተማ አደረጉ። እስከዚህ ተስማምተናል።

«ሕዝቡም ተከትሎ ሄደ» ሲሉ ግን ማንን ነው የሚሉት? የሄደው የንጉሡ ሰፈር ነው፤ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ነጋዴው። እሱም ቢሆን ጎርጎራን ከፋሲል በፊት ነው የለቀቀው። ሱስንዮስ ራሳቸው በኋለኛው ዘመናቸው መቀመጫቸውን ደንቀዝ አድርገው ነበር። ተከራይ ቤት ስለለቀቀ ሰፈሩ ወና ሆነ አይባልም። ገበሬው የት ይሄዳል? መሬቱ፣ ደብሩ፣ የአባቶቹ መቃብር እዚያው ነው። እንዲያውም የንጉሥ ሰፈር ሲነሣ እፎይ ያለ ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ ሠራዊት መቀለብ ቀላል ሸክም አልነበረም። ጎንደር ስታድግም ጎተራዋ ደምቢያ ነበር። ከባዶ መሬት ማን እህል ጫነ?

ማስረጃ ካስፈለገ ወደ ደብረ ሲና እንመለስ። የመቅደሷ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። አሣሣሉ የመጀመሪያው የጎንደር ዘመን ስልት ነው። ሥዕሉን ያሠራችው የሱስንዮስ ልጅ፣ የፋሲል እህት መለኮታዊት ናት ይባላል፤ እሷም ከእመቤታችን እግር ሥር ተሥላለች። ተረገመች በተባለችው መንደር፣ በዚያው ክፍለ ዘመን፣ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ቤተ ክርስቲያን ያስውብ ነበር ማለት ነው።

ከሥዕሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ግን ጣሪያው ነው። የሳር ክዳን ምንም ያህል ተጠንቅቆ ቢከደን አንድ የሰው ዕድሜ አይቆይም። ይበሰብሳል፤ ዝናብ ያስገባል። ዝናብ ከገባ ሥዕሉ አለቀ። ስለዚህ በየጊዜው ሳር ታጭዷል፣ ደርቋል፣ ተሸክሟል። ወንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ሠርቷል። ሴቷ ጠላውን ጠምቃ፣ ድፎውን ደፍታ ሠራተኛውን አብልታለች። ይህ ለትውልዶች ካልተደጋገመ ዛሬ የምናየው ሥዕል አይኖርም ነበር። በኖራ የተገነባው ማርያም ግምብ ጠባቂ ስላጣ ፈረሰ፤ በሳር የተከደነችው ደብረ ሲና ቆማለች። በ«ወናው» 300 ዓመት ውስጥ ሳሩን ማን ይለውጥ ነበር? ጸሐፊው መልስ ቢሰጡበት ደስ ይለኛል።

ይህን ስል ጎርጎራ ሁልጊዜ ሞልታ ነበር ማለቴ አይደለም። ሰው የሳሳበት ዘመን በእርግጥ አለ። ግን ምክንያቱ እርግማን አይደለም፤ ስምና ዓመት ያለው ነገር ነው። በጥር 1888 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እዚያው ደምቢያ፣ ሳር ውሃ ላይ ከሱዳን በመጣው ደርቡሽ ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ወዲያው ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሰዉ በረሃብ ረገፈ። ሁሉም ቤት ያጎደለ ጊዜ ነው።

ሌላው ደግሞ ወባ ነው። የጣና ዳር ሜዳ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲሸሽ ትንኝ ይፈላል። ፓኤዝ ራሱ በ1622 እዚያው ጎርጎራ በትኩሳት ነው የሞተው፤ ወባ ይሁን ሌላ፣ ትኩሳት ነው የሚባለው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እንኳ፣ በ1953 ደምቢያ ላይ የገባው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው ገድሏል። በ1954 ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነው። የዳርቻው ሰው ከውሃው ጥግ ይልቅ ከፍ ያለ ቦታ እየመረጠ የሚሠራው በዋዛ አይደለም። ከጀልባ ሆኖ ዳርቻውን ለሚያይ ሰው አገሩ ባዶ ይመስለዋል። ቀና ብሎ ጉብታውን ቢያይ ጎጆው እዚያ ነው።

የጣሊያኑን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው፤ ግማሹን ስለምስማማበት። ወደቡን፣ ከጎንደር የሚወርደውን የመኪና መንገድ፣ የሞተር ጀልባውን ያመጣው የወረራው ዘመን ነው። ከተማዋ ዛሬ የያዘችው ቅርጽ ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ቁንዝላ አድሮ ጎርጎራ የሚገባው መርከብ ለስንት ዘመን የገበያዋ ሳንባ ሆኖ ኖሯል። ይህን መካድ ግብዝነት ነው።

ግን «ወለዳት» ሲባል ሁለት ነገር ይጎረብጠኛል። አንደኛ፣ ጣሊያን 1936 ላይ ጎንደር ገባ እንጂ ያን ቀን ወደብ አልሠራም። በኖቬምበር 1941 ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ጠቅላላው ቆይታ 6 ዓመት አይሞላም፤ እሱም ከአርበኛ ጋር ሲታኮስ ያለፈ ነው። ሁለተኛ፣ ከጣሊያን ጥቂት ዓመት ቀድሞ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ዞሮ ካርታ አንሥቷል። የዞረው በታንኳና በእግር ነው። መንገድ የመሩት፣ ታንኳ የቀዘፉለት፣ በየገዳሙ የተቀበሉት ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም። ጣሊያን ወደቡን እዚያ የሠራው ቀድሞውኑ ሰው የሚወርድበት፣ ታንኳ የሚጠጋበት ዳርቻ ስለነበረ ነው።

የቀረው የወይጦዎቹ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው በአንድ መስመር ስላለፉት ጨከን ብዬ እናገራለሁ። ወይጦዎች ከወደቡ ጋር አልመጡም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ በአካባቢው ሲያልፍ ስለ ወይጦዎች ጽፏል፤ ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ቋንቋ አላቸው ይላል። ጣሊያን ከመድረሱ 160 ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ያ ቋንቋ ዛሬ የለም፤ አማርኛ ነው የሚናገሩት። አንድ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ ኖሮት፣ ከጎረቤቱ ጋር ኖሮ ኖሮ፣ ቋንቋውን እስኪተው ድረስ ስንት ትውልድ ይፈጃል? ሥራ ፍለጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ ታሪክ ይህን አይመስልም።

ደግሞ ታንኳው ራሱ ይናገራል። ደንገል ከዳርቻው ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በጥቅል በጥቅል ይታሰራል፤ ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ታንኳው ከውሃ ወጥቶ ቁሞ ይደርቃል። እንዲህም ተይዞ ዕድሜው ከወራት አያልፍም፤ ከዚያ ሌላ ይሠራል። የትኛው ደንገል እንደደረሰ፣ የት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ከሐይቁ ጋር ያረጀ ሰው ሙያ ነው። ጎረቤቱ «ጉማሬ በሊታ» እያለ ሲያርቃቸው፣ ታንኳና ቅርጫታቸውን ግን እየገዛ ኖረ። አሁን ደግሞ «መጤ» ስንላቸው በደሉ ላይ በደል መጨመር ነው። ጸሐፊው ይህን አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ሺዎች ያነበቡት ነገር ግን ሳይታሰብም ይጎዳል።

ቤተ እስራኤሎቹንም ጽሑፉ ጨርሶ ዘሏቸዋል። ደምቢያ ውስጥ የሚስዮናውያን ጣቢያ የነበረባት ጀንዳን የሚያህል ስም እንኳ አልተነሣም። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ደምቢያን የአያቶቹ አገር ብሎ የሚጠራ ሰው አለ። እሱ ይህን «የባዶ አገር» ታሪክ ሲያነብ ምን ይበል?

ስለ ሰሌዳው ልጨርስ። በ2020 «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ከመረጣት ወዲህ ሥፍራው የብዙ ሰው ዓይን አርፎበታል። ሰሌዳ ከተተከለ ይነበባል፤ አስጎብኚም ይደግመዋል፤ ልጆችም ይማሩታል። ስለዚህ ቀላል ነገር አይደለም። «ይህ ወደብ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠራ» የሚል ከሆነ ይተከል፤ ለቀለሙ እኔም አዋጣለሁ። «ጎርጎራ በ1936 ተመሠረተች» የሚል ከሆነ ግን፣ ሰሌዳው የሚቆመው ከደብረ ሲና ማርያም አጥር ብዙም ሳይርቅ ነው። ለካህናቱ ጸሐፊው ራሳቸው ሄደው ያስረዱልን።